የጋሽ ውብሸት ቮልስና የከማል ብየዳ

ባለፈው ሳምንት ሙዝ ልገዛ አንድ መጋዘን በር ላይ ቆሜ ሳለ አፍንጫዬን የማውቀው ሽታ መታው። የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት በረጠበ ኖራ ተለውሶ የወታደር ካልሲ ውስጥ አንድ ክረምት ቢያሳልፍ የሚሰጠው ዓይነት ሽታ ነው። ካርባይድ! ነጋዴው በጨርቅ እየቋጠረ ከጥሬው ሙዝ ሥር ይሸጉጠዋል፤ ሙዙም በማግስቱ ቢጫ ሆኖ ያድራል። ቢጫ ይሆናል እንጂ አይበስልም፤ ውስጡ ሳሙና ነው። ሙዝ አጥር ጥሶ በሚገባበት በሚዛን ከተማ፣ ሙዝ እስኪበስል ሦስት ቀን የሚታገሥ ሰው ጠፋ። ልቆጣ አፌን ስከፍት ሽታው ቀደመኝና ይዞኝ ሄደ። «አባባ፣ ይገዛሉ ወይስ ያሸታሉ?» አለኝ ነጋዴው። አባባ! እሱ ራሱ ከፊት ሁለት ጥርስ የጎደለው፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ ሱቅ የሚከፍት ሰውዬ ነው። «አሸታለሁ፤ ማሽተቱን ስንት ትለዋለህ?» አልኩት። ጀርባውን ሰጠኝ።

በእኛ ጊዜ ካርባይድ የብረት እንጂ የሙዝ አልነበረም። ግራጫውን ድንጋይ ውኃ ወዳለበት የብረት ጋን ይከቱታል፤ እየፈላ ጋዝ ይሰጣል፤ ጋዙ ከቦምቦላ ከሚመጣው ኦክስጅን ጋር ቧንቧው አፍ ላይ ይገናኝና ሰማያዊ ምላስ ያወጣል። በዚያ ምላስ ነበር ከማል የሚባል በያጅ የጋሽ ውብሸትን ቮልስ በቁሟ የጠበሳት። ይህ ትዝ ሲለኝ ደግሞ በዚህ ዘመን «ክላሲክ መኪና» የሚባል በሽታ የያዛቸው ጎረምሶች ይታዩኝና ደሜ ይፈላል። በስልካቸው ያሳዩኛል፤ አንዱ ነጭ ጓንት አጥልቆ ዝገቱን በጥርስ ብሩሽ ያክካል፣ ከበስተጀርባው ለስላሳ ሙዚቃ ይፈስሳል፣ ላሜራው እንደ መስተዋት ያበራል። አይ እናንተ! ዝገት የሚፋቀው በስድብ ነው። ዝገት የፋቀ ሰው ሦስት ቀን ቀይ ያነጥሳል፤ ሚስቱም ሌላ አልጋ ላይ ታድራለች። ጓንት ያደረገ ሰው ዝገት ሳይሆን ፎቶ ነው የሚፍቀው።

ጊዜው ሰው ሁሉ ጓድ የነበረበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በላይ ዓመተ ምሕረት አልቆጥርላችሁም። እኔ የሃያ አምስት ዓመት የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ፤ አፍሮዬ ከቁመቴ ሩቡን ይይዛል፣ ቴትረን ሱሪዬ ታጥባ ሳትተኮስ ትለበሳለች። እሷን ለብሼ ዋናውን መንገድ ስወርድ ጭቃው እስከ ጉልበቴ፣ ኩራቴ እስከ ጆሮዬ ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአሥር ሳንቲም፣ ሁለት ጎልማሳ የሚሸከሙት የሙዝ ዘለላ ከአንድ ብር በታች። አናናስ በገንዘብ የሚገዛው ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ብቻ ነው። ዝናቡ በዓመት አሥራ ሦስቱንም ወር ይዘንብ ነበር። ከሕብረት ሱቁ ጥግ ባሕር ዛፍ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ከንጋት ጀምሮ የሰልፍ ዘፈን ይለቅቃል፤ ውኃ ስለገባበት ግን ወንዱ ዘፋኝ እንደ በግ፣ ሴቷ እንደ መጋዝ ነበር የሚሰሙት። ጭቃው እግር ስለሚይዝ ሁላችንም ጉልበታችንን ከፍ እያደረግን ነበር የምንራመደው፤ ከሩቅ ላየን ከዘፈኑ ጋር የምንሰለፍ እንመስላለን። ለስብሰባ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰው አይቶን «የዚህ አካባቢ ሕዝብ ንቃቱ ከፍ ያለ ነው» ብሎ ተናግሯል ይባላል። ንቃት አይደለም ጓድ፤ ጭቃ ነው።

የተከራየሁት በጋሽ ውብሸት ግቢ ከማዕድ ቤቱ ጎን ያለችውን ክፍል ነው። ጋሽ ውብሸት ከሰሜን መጥተው፣ በቴፒ በኩል ባለ የቡና እርሻ ቢሮ ውስጥ በጽሕፈት ሥራ ጸጉራቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭንና ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። ጠንቃቃ ስል ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ ደረት ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክተው ሽንት ቤት የሚሄዱ ማለቴ ነው። የከተማውን ሰው ሁሉ የሚንቁበት አንድ ምክንያት ነበራቸው፤ እሱም ግቢያቸው ውስጥ የቆመችው ቮልስ ናት። ያኔ ሚዛን ላይ የግል መኪና ያለው ሰው በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል። የጋሽ ውብሸት ደግሞ ከማይሄዱት መካከል አንደኛ ነበረች። የገዟት ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ባለሙያ ነው፤ ፈረንጁ ቁልፉን ሲያስረክብ አልቅሷል ይላሉ። እኔ በደስታ ይመስለኛል።

ቀለሟ ሰማያዊ ነበር ይባላል። እኔ ስደርስ ግን ከግማሽ በላይዋ ቀይ ሆና ነበር፤ ዝገቱ ሞተር ቢኖረው ብቻውን ጅማ ይደርሳል። እትዬ ጽጌ፣ የጋሽ ውብሸት ባለቤት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተሳፈሩባት ዕለት ወለሉ ከሥራቸው ተከፍቶ እግራቸው መንገዱን ነካ። እኔ ይህን ስተርክ ከገበያው እስከ ቤታቸው ከመኪናዋ ጋር እኩል ሮጡ እላለሁ። እሳቸው ደግሞ «ሁለት እርምጃ ነው፤ አንተ ልጅ ለምን ትዋሻለህ?» ይሉኛል። ሁለት እርምጃ ማን ያስቃል? ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ቆመች። ጋሽ ውብሸት በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሞተሯን ያስነሣሉ፤ ኮታቸውን እንደቆለፉ መሪውን ጨብጠው ሩብ ሰዓት ያህል የትም ሳይሄዱ ይቀመጣሉ፤ ያጠፉና ይወርዳሉ። ሲወርዱ በሩን የሚዘጉት በሁለት እጅ ነበር፤ የሰው ልጅ የሚያስተኙ ነበር የሚመስሉት።

መኪናዋ በቀሩት ስድስት ቀናት ሥራ ፈት እንዳትመስላችሁ። እትዬ ጽጌ ከጓሮ የለቀሟትን የቤት ቡና ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ ያሰጣሉ። ሚዛን ላይ ቡና ማስጣት ከሰማይ ጋር ድብብቆሽ መጫወት ነው። ፀሐይ ለሩብ ሰዓት ብቅ ትላለች፤ ሰሌኑ ይዘረጋል፤ ወዲያው ዶፉ ይወርዳል። ያኔ እትዬ ጽጌ ሰሌኑን ከነቡናው ጠቅልለው በቅርብ ወዳለው ጣሪያ ይሮጣሉ፤ ቅርቡ ጣሪያ ቮልሷ ናት። የኋላ ወንበር ላይ ይወረውሩታል። ሲያባራ ያወጡታል። ይህ በቀን አራት ጊዜ፣ ለአራት ዓመት። በእያንዳንዱ ውርወራ ጥቂት ፍሬ ይንጠባጠብና በዝገቱ ቀዳዳ ሾልኮ ይጠፋል። የት እንደሚገባ የጠየቀ የለም። የዚህ አገር ሰው ቡና መሬት ሲወድቅ ጎንበስ ብሎ አይፈልግም፤ ይበቅላል ብሎ ይተወዋል።

አንድ ቅዳሜ ጧት የቀበሌው ሊቀመንበር «የጽዳት ዘመቻ ላይ ነን» ብሎ ግቢ ገባ። ይህ ሰው ከመመረጡ በፊት አንገት ነበረው። ከተመረጠ በኋላ ግን ጭንቅላቱ በቀጥታ ትከሻው ላይ ተቀመጠ፤ ዞር ብሎ ለማየት መላ ሰውነቱን እንደ ቁም ሣጥን ማዞር ነበረበት። ዞረና ቮልሷን አየ።

«ጓድ ውብሸት፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«መኪና ናት፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«መኪና ይሄዳል።»

«አርፋ ነው።»

«አራት ዓመት?»

ከጎማዋ በላይ ያለችውን ፓራፋንጎ በጣቱ ነካ አደረጋት። ጣቱ እስከ አንጓው ገባ። አወጣውና እንደ ማስረጃ ከፍ አድርጎ ለሁላችንም አሳየን፤ ቀይ ነበር። «ቀበሌው ለመጋዘን በር የሚሆን ላሜራ አጥቶ ሲንከራተት እርስዎ ላሜራ ያበሰብሳሉ» አለ። ከዚያም ውሳኔውን ለጠቀ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቮልሷ በራሷ ሞተርና በራሷ ጎማ ወደ ቦንጋ መውጫ ካለው ኬላ ደርሳ መመለስ አለባት። ለመድረሷ ምስክር እንዲሆን ኬላው ወረቀት ላይ ማኅተም ያድርግ። ሄዳ ከተመለሰች መኪና ናት፤ የባለቤቷ ናት። ካልተመለሰች ቁርጥራጭ ብረት ናት፤ ትቆረጥና የመጋዘን በር ትሆናለች።

ሊቀመንበሩ ሲወጣ ጋሽ ውብሸት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከነካኪ ኮታቸው ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ ያፈራሁት እሷን ነው» አሉ። «እሷን ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?»

«እኔስ?» አሉ እትዬ ጽጌ።

ጋሽ ውብሸት መጀመሪያ ቮልሷን፣ ከዚያ እትዬ ጽጌን አዩ።

ሚዛን ላይ ያኔ ጋራዥ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከማል ብቻ ነበር። ከማል ከሥልጤ አገር የመጣ፣ ገበያው ጥግ ባልዲና ምድጃ የሚሠራ፣ በአንድ ወቅት ለጭነት መኪና የጭስ ማውጫ በይዶ መኪናው ቦንጋ ድረስ ሳይጥለው ስለሄደ ራሱን መሐንዲስ ያደረገ ሰው ነው። በረባሶው የገዛ እጁ ሥራ ነው፤ የግራው ከቀኙ ይረዝማል። እንደዚያ ሆኖ ነው የሰው መኪና ሊያስተካክል የመጣው። ቮልሷን ሁለት ጊዜ ዞራት፣ ምራቁን ጢቅ አደረገ፣ «ወላሂ ጋሼ፣ ይቺን አዲስ አድርጌ ካልሰጠሁዎ ከማል አይበሉኝ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ስም እያሰብኩለት ነበር።

ሥራው የተጀመረው ሰኞ ከትምህርት መልስ ነው። ጋሽ ውብሸት ለመጀመሪያ ጊዜ ኮታቸውን አወለቁ፤ ሥሩ ደግሞ ሌላ ካኪ ኮት ነበር። ሦስታችን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን ፋቅነው። ፋቅነው ስል፣ ስንፍቅ መኪናዋ አብራ እያለቀች ሄደች። እኔ አንዱን ጎን ጠርጌ ቀና ስል በወዲያኛው በኩል የከማልን ፊት በቀዳዳው አየሁት፤ ሰላም ተባባልን። ለጥገና የሚሆን ላሜራ አልተገኘም። ከማል የዘይት በርሜል ሰንጥቆ አመጣ። አልበቃ ሲል እኔ ከትምህርት ቤታችን የተጣለ የሽንት ቤት ምልክት አመጣሁ፤ ያም በፊት ወንበር በኩል ወለል ሆኖ ተበየደ። በዚህ የተነሣ እትዬ ጽጌ እግራቸውን የሚያሳርፉት «የወንዶች» በሚለው ጽሑፍ ላይ ሆነ።

ዋናው ችግር ግን ከበሮቹ ሥር ነበር። ቮልስ ከግራና ከቀኝ በሮቿ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ባዶ የብረት ሣጥን አላት። ባዶ ይሁን እንጂ የመኪናዋ ወገብ እሱ ነው፤ እሱ ከሌለ መሃሏ ይጎብጣል። የሁለቱንም ሣጥኖች ታች ዝገት እዚህም እዚያም በልቶት ነበር። ጋሽ ውብሸት ጠንቃቃ ሰው ናቸውና አስበው «በሮቹን ከማውለቅህ በፊት በመክፈቻዎቹ መሃል አግዳሚ እንጨት እናስገባ፤ አለዚያ ትጎብጣለች፣ በሮቹም አይገጥሙም» አሉት። ከማል ሳቀ። «ጋሼ፣ እርስዎ ደብዳቤ ጻፉ፤ ብረቱን ለእኔ ይተዉልኝ።» አወለቃቸው። እንጨት አላስገባም። በይዶ ጨርሶ በሮቹን ሊገጥም ሲል የግራው በር ሁለት ጣት ያህል ረዘመ፤ የቀኙ ደግሞ ቢዘጋም አይከፈትም። «መኪናዋ ናት የተንቀሳቀሰችው» አለ፤ ምስክር የሚፈልግ ይመስል እኔን እያየ።

በሮቹ ከመገጠማቸው በፊት ግን ሌላ ነገር መጥቶ ነበር። ከማል የግራውን ሣጥን ታች በበርሜል ላሜራ እየዘጋ ነበር፤ እኔ እሳት እንዳይነሣ እርጥብ ጆንያ ይዤ ቆሜያለሁ። በካርባይዱ ክርፋት መሃል ሌላ ሽታ መጣ። ጣፋጭ፣ ጠቆር ያለ ሽታ። እትዬ ጽጌ ከማዕድ ቤት ብቅ አሉ።

«ማነው ቡና የሚቆላው?»

«እኛ አይደለንም» አልኩ።

«እኔም አይደለሁም።»

ያኔ ከብረቱ ውስጥ ቷ! አለ። ዝም። ቷ! ቷ! ከማል የብየዳውን ቧንቧ ይዞ ወደ ኋላ ዘለለ። ጋሽ ውብሸት ተንበርክከው ጆሯቸውን ወደ ሣጥኑ አስጠጉ። የአራት ዓመት ውርወራ፣ የአራት ዓመት ንጥብጣቢ እዚያ ውስጥ ተኝቶ ኖሯል፤ አሁን እየተቆላ ነው። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቲቱ «እትዬ ጽጌ፣ ዛሬ በርትተዋል!» ብለው ተጣሩ። እኔ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። እስከዚያች ቀን ድረስ ቡና የምትቆላ መኪና ያየ የአዳም ልጅ እንደሌለ እምላለሁ።

ጋሽ ውብሸት ግን አልሳቁም። «ከማል፣ ይህን ክፈትና እናውጣው» አሉ።

«አሁን? ዘግቼው እኮ ነው ጋሼ።»

«ተዘግቶ የተቀመጠ ነገር ያስጠይቃል።»

«ካርባይዱ ለቀኙ ጎን ብቻ ነው የሚበቃኝ። ይህን ልክፈት ካልኩ ከጅማ እስኪመጣ አሥር ቀን ነው። ቀጠሮዎ ደግሞ መቼ ነው?»

ቀጠሮው ከነገ ወዲያ ነበር። ጋሽ ውብሸት ወደ እኔ ዞሩ፤ የተማርኩ እኔ ስለነበርኩ መሰለኝ። «መምህር፣ አንተስ ምን ትላለህ?» እኔም የተማርኩ ስለነበርኩ «ጋሼ፣ ማን ያየዋል?» አልኳቸው። ቀረ። የቀኙም ጎን ያኑ ሐሙስ አመሻሽ ላይ እንደዚያው እየተንጣጣ ተበየደ። ከላይ ስቱኮ ለቀለቅነው፤ ቀለም ስላልነበረን በትምህርት ቤቱ የጥቁር ሰሌዳ ቀለም ቀባናት። እንቁራሪት የነበረችው ቄስ መሰለች።

አርብ በአሥር ሰዓት ግድም ሕብረት ሱቁ ፊት ለፊት ያለችው ሻይ ቤት ገባሁ። ዝናብ ነው፤ ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ታሪክ ይዞ ዝም የሚል ሰው ካለ እሱ ታሞ ነው። «የጋሽ ውብሸት ቮልስ እኮ ቡና ጎርሳለች!» ብዬ ጀመርኩ። እፍኝ ከምትሞላ ፍሬ ተነሥቼ አንድ ኩንታል አደረስኩት። ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ጥግ ላይ የዝናብ ካፖርቱን ሳያወልቅ የተቀመጠ፣ የማላውቀው ሰው ብቻ አልሳቀም። ሻይ አዘዘልኝ። «እስቲ ድገመው» አለኝ። የሰው ሻይ እየጠጡ አንድ ዓይነት ነገር መድገም ነውር ነው፤ ስለዚህ ጨመርኩበት። «ሦስት ኩንታል ሙሉ! ከማል በሁለቱም ጎን እንደ ቋሊማ አጭቆ በይዶባታል። ስትሄድ በራሷ ሙቀት ትቆላለች፤ አዲስ አበባ ስትደርስ ተፈጭታ ትወርዳለች!» ሰውየው ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። የት እንደሚሠራ የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ከሻይ ቤቱ ጋር እየሳቅሁ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ሞተሯ ተነሣ። ጋሽ ውብሸት መሪውን ያዙ፣ እትዬ ጽጌ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው «የወንዶች» ላይ እግራቸውን አሳረፉ፣ እኔ ከኋላ ገባሁ። የግራው በር ስለማይዘጋ በገመድ ታሰረ። ከማል ግቢው በር ላይ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ሰው ሁሉ የሱን ሥራ እንዲያይ አገጩን ወደ እኛ እያመለከተ ቆመ። ከግቢ ወጣን። ሄደች! ገበያተኛው ቅርጫቱን አስቀምጦ አጨበጨበ። ሚዛን ውስጥ ያኔ ሰው ለምንም ነገር ያጨበጭብ ነበር፤ ለስብሰባ የለመደ እጅ ነው። ጋሽ ውብሸት ግን በግራ እጃቸው እየመሩ በቀኛቸው ሰላምታ ይሰጡ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በሌላ ሰው ፊት አላየሁም። ስለዚህ ምን ብዬ እንደማጋንነው አላውቅም።

ኬላው ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። እንጨቱ መንገዱን ተጋድሞ፣ አጠገቡ የሣር ጎጆ። ሥራቸው አንድ ነው፤ ያለ ፈቃድ ቡና ከወረዳው የሚያወጣ ሰው መያዝ። ጋሽ ውብሸት ወረዱ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ወረቀቱን በሁለት እጅ ለኃላፊው አቀረቡ። ኃላፊው አነበበው። አጣጠፈው። ኪሱ ከተተው።

«ማኅተሙ ይቆይ። ሁላችሁም ውረዱ» አለ።

ከጎጆው ያ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ወጣ። ከመኪናዋ ኋላ ሸሸት አልኩ። ኃላፊው ቮልሷን ዞሯት፤ በበሩ ሥር ያለውን ሣጥን በዱላው መታው። ሸ-ሸ-ሸ አለ። ውስጡ የፍሬ ድምፅ ነበር።

«ምንድን ነው ያለው?»

«ቡና ነው» አሉ ጋሽ ውብሸት። መዋሸት አያውቁም። «ከወንበር የተንጠባጠበ ነው። እፍኝ ቢሆን ነው።»

«የደረሰን ጥቆማ ግን እፍኝ አይልም። ሦስት ኩንታል፣ በሁለቱም ጎን እንደ ቋሊማ የታጨቀ ይላል።»

ጋሽ ውብሸት ወደ እኔ አልዞሩም። እትዬ ጽጌ ግን ዞሩ።

በመሮና በመዶሻ የግራውን ሣጥን ከፊት እስከ ኋላ ሰነጠቁት። የከማል ብየዳ እንደ እንጀራ ጫፍ ነው የተቀደደው። አንድ ዘበኛ እጁን ከትቶ በባርኔጣው ዘገነ፤ ግማሽ ባርኔጣ የማይሞላ፣ ከሰል የመሰለ ፍሬ። ኃላፊው አንዱን ጥርሱ ላይ ሰበረው።

«ይሄማ ተቆልቷል።»

«መመሪያው ስለ ጥሬ ቡና ነው የሚለው፣ ጓድ» አለ ዘበኛው። «ስለ ተቆላ አይልም።»

እዚህ ላይ ማብቃት ይችል ነበር። በአንድ ጎኗ ቀስ ብላ ቤቷ ትደርስ ነበር። ኃላፊው ባርኔጣውን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ በዓይኑ ሦስት ኩንታል ለካ። «ሁለት ኩንታል ከዘጠና ዘጠኝ ኪሎ የት ገባ? ያኛውን ጎን ክፈት» አለ። ያን ጊዜ አፌን መክፈት ነበረብኝ። ከሰማይ በታች ባለ ነገር ሁሉ ላይ ስለፈልፍ የኖርኩ ሰው፣ «እኔ ነኝ፣ ቀልድ ነው» የምትለውን አራት ቃል ትቼ የጫማዬን ጭቃ እጠርግ ጀመር። የቀኙንም ሰነጠቁት። እዚያም እፍኝ። ቮልሷ አንድ ረጅም ሲጥታ አሰማችና መሃሏ ወረደ፤ በሮቿ በራሳቸው ተከፈቱ። ኃላፊው አዘነላቸው መሰለኝ ወረቀቱን አወጣና ማኅተሙን አሳረፈ። «በራሷ ሞተር ደርሳለች» ብሎ ጻፈበት፤ ጽሕፈቱ ደግሞ የሚያምር ነበር።

ጋሽ ውብሸት እትዬ ጽጌን በእግር እንዲመጡ ነግረው ብቻቸውን ተሳፈሩ። ሆዷ መንገዱን እየፋቀ፣ ሁለቱ በሮች እንደ ዶሮ ክንፍ እየተራገቡ፣ እኛ ከኋላ እየተከተልን ሁለት ኪሎ ሜትር ከሦስት ሩብ ሄደች። ገበያው ጋ ያለችው ዳገት ላይ፣ ከግቢው በር ሦስት መቶ እርምጃ ሲቀር፣ ወገቧ ተቀነጠሰ። ሞተሩ ይሠራል፣ ጎማው ይዞራል፤ የፊቷና የኋላዋ ግን አብረው መሄድ እምቢ አሉ። ሊቀመንበሩ ከነሰዎቹ ለመድረስ አልዘገየም። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። «ሄዳለች፤ አልተመለሰችም» አለ። ከሰዎቹ አንዱ ወዲያው ኮፈኗን በክንዱ ይለካ ጀመር።

ጋሽ ውብሸት ሞተሩን አጠፉ። ወርደው መንገዱ ዳር ቦይ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ገበያተኛው ዙሪያችንን ከቦናል።

«ስንት ነው ያልከው?» አሉኝ፣ ሳያዩኝ።

«ሦስት ኩንታል፣ ጋሼ።»

«አመኑህ?»

«አመኑኝ።»

ቮልሷን ተመለከቱ። ሰዎቹ የፊት መብራቷን እየነቀሉ ነበር።

«ሦስት ኩንታል ትችላለች ብለው አመኑ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «እንግዲያ ጥሩ አድርገን ሠርተናት ነበር።»

እኔ ሳቅሁ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ የሳቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።